ሻንዲን የሳቀችው በማን ነው?

ሦስት ምንጭ የሚባለው ቀበሌ ከስሙ በቀር ምንጭ የለውም። ስሙን ያወጡት ቅድመ አያቶች ውሃ አይተው ይሆናል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በርሜል በፒካፕ ጭነው፣ በቀዩ አቧራ እየተንገጫገጩ፣ በነፋስ ከሚዞረው ፓምፕ እየቀዱ ነው የሚኖሩት። የቧንቧ ውሃማ ሁልጊዜ ሊመጣ ነው። ስንቱ ሊቀ መንበር "ሊመጣ ነው" እያለ ተመርጦ፣ "ሊመጣ ነው" እያለ ጡረታ ወጥቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ቨርና አታካይ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የናቫሆዎችን ወሬ ለናቫሆዎች የምታደርስ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት። ቀትር ላይ በራሳቸው ቋንቋ ዜና ስታነብ መኪና የሚነዳው ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ድስት የምታማስለው እሳቱን ትቀንሳለች። ለዋሽንግተን አንድ ደቂቃ ትሰጣለች፤ የቀረው የዝናብ፣ የመንገድና የበግ ገበያ ነው። አለቃዋ አንድ ቀን "ይኼ ነገር አልተገለበጠም ወይ?" ቢላት፣ "የዋሽንግተን ወሬ በግ አያጠጣም" አለችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቋት አያውቅም።

ፊቷ ግን አይፈታም። "ቨርና የሳቀች ዕለት ድንጋይ ውሃ ያፈልቃል" ይሏታል። ያ ፊት የሚንቀሳቀሰው ውሸት ሲሰማ ብቻ ነው፤ አንዱ ቅንድቧ ሽቅብ ይወጣል፣ የታች ከንፈሯ ተሞጥሙጦ ዋሾውን ይጠቁማል። እዚያ አገር በጣት መጠቆም ነውር ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው በከንፈሩ ነው፤ የቨርና ከንፈር ግን ሲጠቁም ይወጋል።

ያን ሰሞን ከንፈሯ የሚወጋው አንድ ሰው ነበር፤ የሦስት ምንጭ ሊቀ መንበር ዊልፎርድ ቢትሱይ። ዊልፎርድ ዓይኑን በጨው አጥቦ "በረዶ ሳይጥል ውሃ ይገባል" እያለ በየስብሰባው ያውጃል፤ ቆፋሪ ግን የለ፣ ቱቦ የለ። ቨርና እርግጡን እንዳትጠይቀው ደግሞ በጎሳ ቆጠራ የአክስቷ ልጅ ይሆናል። የአክስትና የአጎት ልጆች እዚያ አገር መበሻሸቅ ወጋቸው ነው፤ የተቀየመ እሱ ራሱ ባለጌ ይባላል። ዊልፎርድ ይህችን ወግ እንደ ጋሻ ያነሳታል።

"ውሃው መቼ ነው የሚገባው?" ትለዋለች።

"አንቺ ፈገግ ያልሽ ዕለት!"

"ቁም ነገር ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔስ ቁም ነገር መለስኩልሽ እንጂ! ለመሆኑ ያቺ መኪናሽ አሁንም በጸሎት ነው የምትነሳው?" ይልና ሹልክ ይላል።

ነገሩ የሬዲዮ ብቻ ቢሆን ቨርና በቻለችው ነበር። እናቷ ዴዝባ ግን ከሦስት ምንጭ ዳር፣ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ በሚያይ የእንጨት ቤት፣ ከበጎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ጉልበቷ በርሜል ማንከባለል እምቢ ብሏታል። እናም ልጇን ቁጭ አድርጋ ነገረቻት።

"በረዶ ሳይጥል ውሃው የሚገባ ከሆነ እዚሁ ከበጎቼ ጋር እከርማለሁ። የማይገባ ከሆነ በጎቼን ሸጬ አንቺ ጋ ከተማ እገባለሁ። ነጋዴው ሰኞ ይመጣል። ቁርጡን ንገሪኝ፤ ዜና ነጋሪዋ አንቺ ነሽ።"

ቨርና እናቷን ከተማ ላይ አይታታለች። ባለፈው ክረምት አንድ ሳምንት እሷ ዘንድ ስትቆይ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሚያልፉትን መኪናዎች እንደ በግ ስትቆጥር ነው የሰነበተችው። በሐሰት ተስፋ ደግሞ እዚያ በረዶ ውስጥ ብትተዋትስ? ያች ሴት ያለ በግም ያለ ውሃም አትሆንም።

ረቡዕ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። ቨርና መቅረጫዋን ከፍታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከፊታቸው ላቬራ የምትባል ጎረቤት የልጅ ልጇን ሻንዲንን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ እነቨርናን ታያለች። ሻንዲን ገና አልሳቀችም። ሕፃን መጀመሪያ ያሳቀውን ሰው ጠባይ ይወርሳል ስለሚባል ቤተ ዘመዱ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃታል፤ አንድ ቋጣሪ አጎቷማ ወደ አልጋዋ እንዳይቀርብ ከተከለከለ ቆይቷል።

ዊልፎርድ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አደረገ። "ወገኖቼ! በረዶ ሳይጥል እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ ቧንቧ ትከፍታላችሁ!"

ሻንዲን ሳቀች። ፈገግታ አይደለም፤ አዳራሹን የሞላ፣ ጥርት ያለ፣ ድድ ሁሉ የሆነ ሳቅ ነው።

ላቬራ ከወንበሯ ተፈናጠረች። "ሳቀች! ልጄ ሳቀች! ማነው ያሳቃት?"

"ሊቀ መንበሩ ናቸዋ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ውሃ ይገባል ሲሉ ነው የሳቀችው። ጨቅላዋ እንኳን አወቀችባቸው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዊልፎርድ መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ኋላ ግን ደስ አለው፤ ምርጫ እየደረሰ ሕፃን ማሳቅ ክፉ ነገር አይደለም። "ወግ ነውና ድግሱ የኔ ነው! እሁድ ጧት በአራት ሰዓት እኔ ቤት። በእኛ አራት ሰዓት እንጂ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀሩት በጎረቤቶቻችን በአሪዞናዎቹ አራት ሰዓት አይደለም፤ አምና በደገስኩት ግማሹ ሰው የደረሰው ድስቱ ከታጠበ በኋላ ነው!"

ቨርና ግን ደርቃ ቀረች። ሊቀ መንበሩ "በረዶ ሳይጥል" ሲል ቅንድቧ ወጥቶ፣ ከንፈሯ ተሞጥሙጦ ነበር፤ ሻንዲን ዓይኗን የተከለችውም እዚያ ፊት ላይ ነበር። ሕፃኗን ያሳቀቻት እሷ ናት። ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣባት፤ በነላቬራ ዘር ወግ የሳቁን ድግስ የሚደግስ ሰው ከሕፃኗ እጅ ጋር እጁን አጋጥሞ ለመጣው ሁሉ ጨው ይሰጣል፤ የዚያን ቀን የተጠየቀውን ቢከለክል ንፍገቱ የሚተርፈው ለሕፃኗ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። እናቷ በጎን አየቻት።

እሁድ የዊልፎርድ ግቢ በፒካፕ ተሞላ። ሁለት በግ ታርዷል። የጎድኑ ጥብስ ይጨሳል፣ ሾርባው ይንተከተካል፣ ሴቶቹ ሊጡን በመዳፋቸው እያጨበጨቡ ዘይት ውስጥ ይጥሉታል፣ ቂጣውም እየተነፋ ይወጣል። ዊልፎርድ ሻንዲንን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የሚያብረቀርቀውን የድንጋይ ጨው ከቅርጫቱ በትንሿ እጇ እያስያዘ ያድላል። ሰው ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ጨውን ምላሱ ላይ ያደርጋል፣ ሕፃኗን ይመርቃል። አንድ ሽማግሌ ጨውን ከቀመሱ በኋላ "ያ ባርኔጣህ ያምረኛል" አሉት፤ ዊልፎርድ ባለ ብር ጌጡን ጥቁር ባርኔጣ እያቃሰተ አውልቆ ሰጣቸው። ሰው አጨበጨበ።

ተራው የቨርና ደረሰ።

"የአጎቴ ልጅ!" አለ ዊልፎርድ። "ምን ልስጥሽ? ፈገግታ ላበድርሽ?"

ቨርና ጨውን ምላሷ ላይ አደረገች። "መልስ ስጠኝ። ውሃው በረዶ ሳይጥል ይገባል ወይስ አይገባም?"

ዊልፎርድ ሊስቅ ሞከረ። "አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ፈገግ ያልሽ..."

"ዊልፎርድ!" አለች ላቬራ። "የልጅ ልጄ እጅ በእጅህ ውስጥ ነው።"

ዊልፎርድ ወደታች ተመለከተ። ጨው የተጣበቀባት ያቺ ትንሽ እጅ አውራ ጣቱን ጨብጣለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚያን ቀን ያወጣው ጨው ነው።

"አይገባም" አለ ቀስ ብሎ። "ዘንድሮ አይገባም። ቆፋሪዎቹ ከኮረብታው ሥር ጥቁር ድንጋይ ገጥሟቸው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። የሚመለሱት የከርሞው በረዶ ሲቀልጥ ነው። ካወቅኩ ሰነበትኩ።"

"ታዲያ ለምን ደበቅከን?"

"ፊታችሁን እያየሁ እንዴት ብዬ ልናገር? የናንተስ ይሁን፤ የአሮጊቶቹ ፊት ነው ያሸነፈኝ።"

"አሮጊት ማናት?" የሚል ድምፅ መጣ። ዴዝባ ናት፤ ሳህኗን ይዛ ሰልፉን በክርኗ እየከፈለች ፊቱ ቆመች። ጨውን ተቀብላ ቀመሰች፣ ሻንዲንን መረቀች፣ ከዚያ ከንፈሯን ወደ ጋራዡ አሞጠሞጠች። "ያ የከብቶችህን ውሃ የምታመላልስበት ታንከር የተጫነበት መኪናህ፣ ቧንቧው እስኪገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጄ ላይ ይቁምልኝ።"

ዊልፎርድ መኪናውን አየ፤ ሕፃኗን አየ። "እሺ" አለ።

"የኔስ ደጅ?" አሉ ከኋላዋ የነበሩት። አንዴ ጨው ወስደው ጥብስ የጀመሩት ሁሉ አጥንታቸውን እያስቀመጡ እንደገና ተሰለፉ። ዊልፎርድ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ሲል ቅዳሜዎቹ አልቀው ወደ ረቡዕ ተሻገረ። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል።

ቨርና የፈለገችውን ሁሉ አገኘች፤ ጥብሱ ግን አልወርድላት አለ። እናቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስብሰባው ላይ አጠገብሽ ነበርኩ" አለች ዴዝባ ቂጣዋን እየቆረሰች። "ሕፃኗ የትኛውን ፊት እያየች እንደሳቀች አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም፣ እማዬ?"

"እኔ ምን ቤት ነኝ? ዜና ነጋሪዋ አንቺ ነሽ።"

ቨርና አፈረች። ሰውየውን እውነት ያናገረችው በውሸት ነበር። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚባለው ተረት ለጋዜጠኛ ይበልጥ ይሠራል። ተነሳች።

"ስሙኝማ! ሻንዲን የሳቀችው በሱ አይደለም፤ በኔ ነው። ፊቴን አይታ ነው የሳቀችው። ድግሱ የኔ ነበር።"

መጀመሪያ ማንም አላመናትም። "አንቺ? አንቺ ሰው አስቀሽ?" አለች ላቬራ። ዴዝባ መሰከረች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ዊልፎርድ ዞረ።

ዊልፎርድ በዝግታ ተነሳ። "እንግዲህ እኔ ሁለት በግ አርጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ቅዳሜዬንም ረቡዕዬንም ያስረከብኩት... ባንቺ ፊት ነው?"

"ከፈለግህ ይመለስልሃል" አለች ቨርና።

"የተሰጠ ጨው አይመለስም!" አለ፤ ባርኔጣውን የወሰዱት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጠበቅ አደረጉ። "ያሳቀች ግን ተቀምጣ ትስጥ። ነይ፣ ቁጭ በይ!"

ሻንዲንን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ ሳህን አነሳና ፊቷ ቆመ። አሁን ነገሩ ለሁሉም ገባው። "ነገ ቀትር ላይ ይህን ወሬ እንዳታነቢ" ቢላት መከልከል አትችልም። እዚያ ያልነበረው ሕዝብ ሁሉ ደግሞ በረዶ ሳይጥል ቧንቧ እከፍታለሁ እያለ ይቀራል። የሕፃኗ እጅ በቨርና እጅ ውስጥ ይሞቃል። ጨውን ሰጠችው።

ዊልፎርድ ጨውን እያጣጣመ ጊዜውን ወሰደ። "ነገ ልታነቢው ነው አይደል?"

"ካልከለከልከኝ።"

"ስታነቢው ድንጋዩ ጥቁርና ጠንካራ መሆኑን አትርሺ። ይኼ ልመና አይደለም፣ ምክር ነው። የምለምንሽ ሌላ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"ያን ፊት አሳዪኝ። ሁለት በግ ያረድኩለትን ፊት ሳላይማ አልቀርም!"

ቨርና ቅንድቧን ልታነሳ ሞከረች፤ ሁለቱም አብረው ተነሱ። ከንፈሯን ብታሞጠሙጥ ልታፏጭ የተዘጋጀች መሰለች። "በትእዛዝ አይመጣም" አለች። "ውሸት መስማት አለብኝ።"

"ውሸትማ ሞልቶኛል!" ዊልፎርድ ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወገኖቼ! በረዶ ሳይጥል እያንዳንዳችሁ..."

ቅንድቧ በራሱ ሽቅብ ወጣ፤ ከንፈሯ ተሞጠሞጠ። ሻንዲን አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻትና በዚያው ጥርት ባለ ሳቋ ፈነዳች። ዊልፎርድም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ቨርና ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ሳቀች!" ብሎ ጮኸ ዊልፎርድ። "በሉ ቧንቧውን ክፈቱ!"

በማግስቱ ሰኞ የበግ ነጋዴው ባዶ መኪናውን እያንገጫገጨ ዴዝባ ደጅ ደረሰ። ዴዝባ ሬዲዮኗን በረንዳው ላይ ሰቅላ የልጇን ድምፅ ታዳምጣለች። ውሃው የሚገባው የከርሞው በረዶ ሲቀልጥ ነው አለ ዜናው፤ ይህንም የተናገሩት ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ናቸው አለ፤ ድንጋዩ ጥቁርና ጠንካራ ነው አለ። ዋሽንግተን ገና ተራ አልደረሳትም።

"እንግዲያው በጎቹን ልጫን?" አለ ነጋዴው። "ውሃ የለም ተባለ እኮ።"

"የሚሸጥ በግ የለኝም" አለች ዴዝባ ሬዲዮውን ዝቅ እያደረገች። "ባዶ እጅህን ከምትመለስ ግን እነዚያን በርሜሎች ወደ በሩ አንከባልልልኝ። ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ ይመጣል።"