በባዶው ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ

የሽዋንት ኬትካር ከባንክ ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት ቢሆነውም፣ በሕንዷ ፑኔ ከተማ በሚኖርበት ሕንፃ ዛሬም ሁሉም «ሥራ አስኪያጁ» ይለዋል። ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ሲንሸራሸሩ፣ ሽማግሌዎቹ ገንዘባቸውን የት እንደሚያኖሩ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሳይጠየቅም ይመልሳል፤ ይህች የቆየች አመሉ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቱን ማልቲንም እንዲሁ መክሯት ነበር። ባሏ ሞቶ ቤቷን ስትሸጥ፣ ገንዘቡን ባንክ ላስቀምጥ አለች።

«ባንክ ምን ይሰጥሻል?» አላት። «የኩባንያ ቦንድ ፈንድ አለ። የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ለትልልቅ ኩባንያዎች ያበድራል፤ ወለዱን ለእኛ ያከፋፍላል። ከባንክ ተቀማጭ በምንም አይለይም፣ ከፍ ይላል እንጂ።»

ማልቲ ሳታነብ ፈረመች። በኋላ ገንዘብ ማውጣት ቢያስፈልጋት እንዳትንከራተት ብሎ በባዶ የማውጫ ቅጾች ላይም አስፈርሟት መሳቢያው ውስጥ አኖራቸው። ይህን የማያደርግ ወንድም የለም። ከዚያ ወዲህ የቤት ኪራይዋንም አስቤዛዋንም የምትችለው ፈንዱ በየወሩ በሚልክላት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የድሮ ባልደረባው ቦርካር መናፈሻው ውስጥ ወደ ጎን ሳብ አደረገው።

«ያ ፈንድህ ካበደራቸው ኩባንያዎች ሁለቱ መክፈል አቅቷቸዋል አሉ። ትልልቆቹ ባለገንዘቦች ሹልክ እያሉ ነው። እኔ ብሆን አላድርም።»

የሽዋንት ቁርሱን እንኳ ሳይቀምስ መሳቢያውን ከፈተ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የገባ ቅጽ በዕለቱ ዋጋ ይስተናገዳል። ሚስቱ ኒርማላ በሳምንት ሁለቴ ኩላሊቷን ትታጠባለች፤ የሕክምናዋ ገንዘብ ሁሉ እዚያው ፈንድ ውስጥ ነው። የራሱን ቅጽ ቶሎ ሞላ። ከዚያ የማልቲን አወጣ። ስሟንና ቁጥሯን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ ሲገባ «ምነው አስወጣህብኝ?» ማለቷ አይቀርም። ምን ሊላት ነው? ተሳስቼ ነበር ሊላት? ደግሞ ወሬው ውሸት ቢሆንስ? የእሷ ነገ ይደርሳል ብሎ መለሰው። ሰበቡን ሲደረድር በራሱ እያፈረ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ፈንዱ ተዘጋ። ኩባንያዎቹ ዕዳቸውን እስኪመልሱ ድረስ ማንም ምንም ማውጣት አይችልም የሚል መልእክት ለሁሉም ደረሰ። የየሽዋንት ገንዘብ ግን ሐሙስ ዕለት ባንኩ ገባ፣ ሙሉው።

ዓርብ ከሰዓት ማልቲ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ መጣች። ኒርማላ ሆስፒታል ነበረች። ሻይ አቀረበላት።

«ከስተሃል» አለችው። «ለእኔ ስትጨነቅ ነው አይደል የከረምከው?»

«እንዲያው ነው፣ እትዬ።»

«ዝም በል፣ አውቅሃለሁ።» ከቦርሳዋ መሃረብ አውጥታ ፈታችው። እናታቸው የሰጠቻት ሁለት የወርቅ አምባሮች ነበሩ። የእጇ አንጓ ተልጦ ቀልቷል። «ጠዋቱን ሙሉ በሳሙና ስታገላቸው ነበር። ወፈርኩ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። «ሽጣቸው። እኔ ናሽክ ከተማ ሴት ልጄ ጋ እገባለሁ፤ አማቼ ፊቱን ቢያጠቁር ለምጄዋለሁ። አንተ ግን የኒርማላን ሕክምና በምን ልትከፍል ነው? ያለህን ሁሉ እዚያው ነበር የከተትከው።»

እዚህ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ይህን አላሰበም ብዬ አልዋሽም። ተነሥቶ ከመሳቢያው ቅጹን አምጥቶ ፊቷ አኖረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገንዘብ ማውጫ።»

«ፊርማው የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። ማክሰኞ ወሬ ሰማሁ። የኔን ሞልቼ አስገባሁ። ያንቺን ግን መለስኩት።»

ማልቲ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ያንተ ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እትዬ።»

«ስልክ እንኳ አልደወልክም።»

«ተሳሳትኩ ማለት ከበደኝ።»

«ለኔ?» አለች። «አፍንጫህን እየጠረግኩ ላሳደግኩህ?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «ከኔ ግማሹን ውሰጂ» አለ።

«የኒርማላን ሕክምና? እሱንማ አፍህ ላይም አታድርገው።» ሻዩን ወደ ጎን ገፋች። «ሳሙና አምጣ።»

ሳሙናና ውሃ በሳህን አመጣ። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ እጇን ሰበሰበች። ጣቶቿን አረፋ ቀብታ አምባሮቹን አንድ በአንድ አጠለቀች። ሁለተኛው አውራ ጣቷ ሥር ሲደርስ እንቢ አለ፤ ዓይኗን ጨፍና ገፋችው። እሱ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ነበር።

«ሌሎቹስ?» አለች እጇን እየጠረገች።

«የቶቹ?»

«ያስፈረምከኝ ባዶ ቅጾች። ስጠኝ።»

አራት ቀርተው ነበር። ሰጣት። እያንዳንዱን ገልብጣ ፊርማዋን አየችና ከመጀመሪያው ጋር አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሌላ ጊዜ ክንዷን ይዞ የሚያወርዳት እሱ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ብቻዋን ስትወርድ አያት።