ለሁለት ሰው አንድ ክፍል

ታጠቅ አንዱአምላክ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመተማ ቆላ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ ትራክተር ሲነዳና ሲጠግን ኖሯል። መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሱዳኗ ገላባት በተሻገረ ቁጥር ነጋዴው የጠራውን ሰምቶ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ መንገድ ይጀምራል። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ይጠሩታል። ስለዚህ በሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ጥር ላይ ጌች ስልኩን አዙሮ ሲያሳየው ነገሩ ገረመው። አንድ ዋጋ ተጽፎ በቀይ ተሰርዟል፣ ከሥሩ ያነሰ ዋጋ አለ። ማንም ሳይከራከር የወረደ ዋጋ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ጌች በመተማ ዮሐንስ ከጉምሩኩ መንገድ ዳር ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ፣ ወረቀት የሚያባዛ፣ ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ካርቱም ለሕክምና ለሚሄዱ ሰዎች በኢንተርኔት ሆቴል ይይዛል።

ለሕክምና የምትሄደው የታጠቅ ሚስት ዝናሽ ናት። ልቧን ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል፤ የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ነው። እንቅልፍ ወስዷት ከትራሱ ስትንሸራተት በብብቷ ይዞ ሽቅብ የሚስባት ታጠቅ ነው። ካርቱም ያለው የልብ ሐኪም ለረቡዕ ጧት ሦስት ሰዓት ቀጥሯታል። አንዲት ሌሊት እዚያ ማደር አለባቸው።

"ጋሼ ታጠቅ፣ ይቺን ይዩ" አለ ጌች። "ከሆስፒታሉ በር መቶ ሜትር አይሞላም። አርባ በመቶ ቀንሰዋል።"

"ለምን ቀነሱ?"

"ቅናሽ ነዋ!"

"ምን ጎድሎት ነው?"

"ውድ ሲሆን ጭቅጭቅ፣ ርካሽ ሲሆን ጭቅጭቅ! ምንም አልጎደለውም። ሊፍት ሁሉ አለው። ገንዘቡንም የሚከፍሉት እዚያው ሲደርሱ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ክፍል ልያዝ?"

"ያዝ።"

ጌች በጣቱ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ ቆመ።

"ቆይ፣ ከሥር ሌላ ነገር ጽፈዋል። ባልና ሚስት የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ኑ ይላል። አላችሁ?"

ወረቀት አልነበራቸውም። የተጋቡት ከሳንጃ ወጣ ብሎ በዝናሽ አባት ደጅ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያለ መኖሩንም ታጠቅ እርግጠኛ አይደለም።

"ችግር የለም፣ ቀበሌ ይሰጣል" አለ ጌች። "ፎቶውን እኔ አነሳችኋለሁ። ሁለት ምስክር ይዞ መሄድ ነው። ቢቆይ ሦስት ቀን ነው።"

ዝናሽ በሩ ላይ ካለው ዱካ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ያበጠ እግሯን ወደፊት ዘርግታ አሳየችው።

"በዚህ እግሬ ሙሽራ ልታደርገኝ ነው? ቬሎውንስ ከየት ላምጣ?"

"እኔ አከራይሻለሁ፣ እትዬ ዝናሽ።"

"ሚዜም ሁነኛ እንግዲህ!" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲተዋት፣ "አራት ልጅ ወልጄለት ማን ነሽ የሚለኝ ማን ነው? ተወው" አለች።

ታጠቅም ሳቀ። "ገንዘቡን ይዞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?"

"እንግዲህ እኔ ነግሬያለሁ" አለ ጌች፤ የክፍሉን ማረጋገጫ አትሞ ሰጣቸው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ጉዞው እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ይቀረው ነበር።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ድልድዩን ተሻገሩ። ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም በአውቶቡስ ዋሉ። ታጠቅ ትከሻውን ትራስ አድርጎላት ሄደ። ሆቴሉ በር ላይ ሲወርዱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ የዝናሽ ከንፈር ጠቁሯል።

እንግዳ የሚቀበለው ሰው ኸሊፋ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ለዝናሽ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ሰጣት። የጌችን ወረቀት አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ክፍሉ አለ፣ ቅናሹም ያው ነው። ከዚያ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ዘረጋ።

"የእሷ አባት ደምለው፣ የአንተ አንዱአምላክ። እህትህ አይደለችም" አለ በዓረብኛ።

ታጠቅ ዓረብኛውን በገበያ ነው የለመደው፤ ለዚህ ይበቃዋል። "ሚስቴ ናት።"

"ቀሲማ?" የጋብቻ ወረቀት ማለቱ ነው።

"የለንም። በእኛ አገር በሽማግሌ ነው።"

"ሽማግሌዎቹ የት አሉ?"

ታጠቅ እንደ ልማዱ ሻንጣውን አንስቶ ጀርባውን ሰጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመደ። የጠራው የለም። ከመስተዋቱ በር ደርሶ ዞር ሲል ኸሊፋ የሌላ እንግዳ ስም እየጻፈ ነበር።

ተመለሰ። ጌች ጋ ደወለና ስልኩን ዘረጋለት፤ ኸሊፋ አልተቀበለውም። "በስልክ ጋብቻ አላይም፣ ወንድሜ። ፖሊስ ሲገባ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ኤምባሲያችሁ ነገ ይከፈታል። ለዛሬ ክፍሉን ለእሷ ብቻ ልስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ የሴቶች ነው። አንተ ወደዚያ አትወጣም።"

"ሰው ካልደገፋት መተኛት አትችልም።"

"ሰምቻለሁ። ወረቀት አምጣ።"

ሌላ ሆቴል እንዳይፈልግ ዝናሽ ከወንበሩ የምትነሳ አልመሰለውም። እሷም አየችው።

"አንድ ሌሊት ነው" አለች። "ጧት ሐኪሙ ጋ ነን። ምን ታስባለህ?"

"ትራሱን ማን ያስተካክልልሻል?"

"እኔ እጅ የለኝም? ሂድ፣ ሻይ ጠጣ።"

ፎቁን የምታጸዳው ዘሊካ ከመተማ አጠገብ ካለችው ሸሕዲ የመጣች ያገራቸው ልጅ ነበረች። ታጠቅ እዚያው ወንበሩ ላይ ዝናሽን በብብቷ ይዞ፣ እንዴት ሽቅብ እንደምትሳብ አሳያት። ዘሊካ አልዋሸችውም።

"አባባ፣ ሥራዬ እስከ አራት ሰዓት ነው። እስከዚያ እየገባሁ አያታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን አስረክባለሁ።"

ታጠቅ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀመጠ። የዝናሽን መስኮት ለየው፤ መብራቱ በርቷል። ሌሊቱን ሁሉ ዓይኑን አልነቀለም። መብራቱ ስላልጠፋ ደህና ናት ብሎ ተጽናና። መብራት ለማጥፋት መነሳት እንደሚያስፈልግ አላሰበም።

ጧት ዘሊካ ቁልፍ ይዛ ወደ ፎቁ ወጣች። ወዲያው ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ አያት፤ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ነበር። ሊፍቱን አልጠበቀችም። ኸሊፋ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣና መንገድ ለቀቀለት። ወደ ሴቶቹ ፎቅ ሲወጣ የከለከለው አልነበረም።

ዝናሽ ከትራሶቹ ወርዳ በጀርባዋ ተንጋልላለች። አንድ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጧል። ታጠቅ በብብቷ ይዞ ሽቅብ ሳባት፣ ትራሶቹን ከኋላዋ ደለደለ፣ ነጠላዋን አለበሳት። ቀዝቅዛ ነበር። የሐኪሙ ሰዓት እስኪደርስ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሰዓቱም አለፈ።

ከቀትር በፊት ፖሊስ መጣ። ሬሳው ድንበር የሚሻገርበት ወረቀት ሲሞላ ቀና አለ።

"ይህ ሰው ምኗ ነው?"

"ባሏ ነው" አለ ኸሊፋ።

ፖሊሱ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ቀሲማ አልጠየቀም። ታጠቅ ዓረብኛ ማንበብ ስለማይችል የት ላይ እንደተጻፈ ዘሊካን ጠየቃት፤ በጣቷ አሳየችው። ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ኸሊፋ ዞረ።

"ትናንት በዚሁ አፍህ ብትለው ምን ነበረበት?"

"ትናንት ብል እከሰስ ነበር።"

"ዛሬስ?"

ኸሊፋ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሰበር አደረገ። "ዛሬ በምን ይከሱኛል?"

ታጠቅ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ብሎ ቀበሌ ያልሄደባቸውን ቀናት በልቡ ቆጠረ፤ ቁጣው አልመጣም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መኪና ሊፈልግ ወጣ።