ብርሃኑ ከሆሳዕና ደም ሲጠፋ

የእህቴን ደም ይዤ ታክሲ ስሳፈር ይኼ ሁለተኛዬ ነው። ሐኪም ቤቱ ደሙን ይቀዳና ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ቤተሰብ ደግሞ አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ላብራቶሪ ያደርሳል። ነርሷ ብልቃጧን በጥጥ ጠቅልላ "ቶሎ አድርስ፣ ሴሎቹ ብዙ አይጠብቁም" አለችኝ። ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ በእጄ ደግፌያት ተቀመጥኩ።

"ወንድሜ፣ እጅህን አውጣና ለሰው ቦታ ልቀቅ" አለኝ ወያላው።

"አልችልም።"

"ምንድነው፣ ጫጩት ነው የያዝከው?"

ሰው ሳቀ። የእህቴ ደም ነው ብዬ ብነግረው ምን ሊል ነው? ጃኬቴን ይበልጥ ሰብሰብ አደረግኩ።

ሆሳዕና ታላቄ ናት። የያዛት የደም ካንሰር ነው። ቤተክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ትዘምር ነበር፤ ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ ግን ፊቷ ያብጣል፣ ያቅለሸልሻታል፣ መድረክ ላይ መቆም አቅቷታል። ኪኒኑ እየሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚለየው በዚህ ምርመራ ነው። ካልሠራ ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል ተብለናል። የት እንደሚፈለግ ግን የነገረን የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ኪኒኑን ሳትጀምር ነው። የላብራቶሪዋ ተመራማሪ ሰልሳቢል ትባላለች። በዕድሜ ከሆሳዕና ብዙም አትበልጥም፤ ዶክተር ስለሆነች ግን እርስዎ እላታለሁ። ያኔ መብራት አጥፍታ ነበር የምትሠራው። "ቀለሙ ብርሃን ከነካው ይደበዝዛል" አለችኝ። የሚያበራ ነገር እንዳይደበዝዝ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ! ግራ መጋባት የጀመርኩት እዚያው ነው።

ምርመራውንም አስረድታኝ ነበር። ሴሎቹን በኬሚካል ባሉበት ቀጥ ታደርጋቸዋለች። ቀጥሎ ሽፋናቸውን ትበሳና አንቲቦዲ ታስገባለች። ሴል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች መልእክት ሲቀባበሉ አንዱ ሌላው ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ምልክት ይለጥፋል። አንቲቦዲው ምልክት የተለጠፈበትን ብቻ መርጦ ይይዛል፤ የተሸከመው ቀለም ደግሞ ጨረር ሲያርፍበት ያበራል። እዚህ ድረስ ሰምቻለሁ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤ የቀረው ንግግሯ ጆሮዬ አልገባም።

አረንጓዴ ነው። ሲመሽ ሳንሱሲ ዳገቱ ላይ ቆመው ከተማውን ሲያዩት እንዳለው፣ እዚህም እዚያም ቦግ ያለ፣ ጫፉ የማይታይ። "ይኼ የእህትህ ነው" አለችኝ። ሆሳዕና ይኼን ሁሉ ውስጧ ተሸክማ ወጥ ስታማስል አሰብኳት።

እናቴ ፅጌ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አላት። እኔም አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ እዚያው ጠርዝ እሰፋለሁ።

"እማ፣ የሆሲ ደም ያበራል" አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። "እንዴት ነው የሚያበራው?"

"ውስጡ ነዋ። በዓይኔ አየሁት። እንደ ኮከብ ነው።"

"ጌታ ልጄን አልተዋትም ማለት ነው።"

እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። ከዚያ ወዲያ የጸሎት ቡድኑ በሙሉ፣ ፓስተር አምሐ ራሳቸው ሳይቀሩ፣ "በእህታችን ደም ውስጥ ያለው ብርሃን አይጥፋ" እያሉ ሲጸልዩ ከረሙ።

አሁን በሁለተኛው ጉዞዬ፣ ዶክተር ሰልሳቢል ብልቃጧን ተቀብላኝ ገባች። ሂድ ብትለኝም የምሄድበት ስለሌለኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ማምሻው በሩ ገርበብ ሲል ስክሪኑ ታየኝ። ጥጉ ላይ የእህቴ ስም አለ። ሌላው ጥቁር ነው። ዶክተሯ እያንጎራጎረች ምስሉን ወደ ጎን ሳበችው፣ ያም ጥቁር። አንድ ሁለት ደብዛዛ ነጥብ ብቻ። ዞር ስትል አየችኝ።

"ውጤቱን ሐኪሟ ነው የሚነግራችሁ፤ እኔ አይፈቀድልኝም" አለች።

ሰው መጠየቅ ያስፈራኛል። "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ሆሳዕና አልጋዋ ላይ ነበረች፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ መጋረጃ ትሰፋለች።

"ፊትህን አይቼዋለሁ፣ ቀዳማዊ። ተናገር" አለችኝ ሆሳዕና።

"ሐኪሙ ነው የሚነግርሽ።"

"አንተ አይተሃል አይደል?"

"ጨልሟል።"

"ሁሉም?"

"አንድ ሁለት ነጥብ አለ።"

ተነስታ የኪኒኑን ካርቶን ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወረወረችው። "እንግዲህ አልውጠውም። ላይረባኝ ለምን ያሳብጠኛል? አርፌ ለእሁድ እዘምራለሁ። በቀረችኝ ነጥብ እዘምራለሁ።"

እናቴ እኔን አየች፣ እሷን አየች። "ዋጪ ልበልሽ፣ አትዋጪ ልበልሽ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጨርቁን ገልብጣ እየሰፋችው ነበር። እኔም በኪኒኑ ነገር ማን ትክክል እንደሆነ እያሰብኩ ጨርቁ መገልበጡን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሆሳዕና ኪኒኑን ሳትውጥ ቁርሷን በላች። እኔን ግን አንድ ነገር እየቆየ ይከነክነኝ ጀመር። ዶክተር ሰልሳቢል ያንን ጥቁር ስክሪን ስታይ ታንጎራጉር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እያየ የሚያንጎራጉር ሰው አለ? ክፉ ሰው ደግሞ አትመስልም። ሁለቱን ማገጣጠም አቃተኝ፤ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ።

"ዶክተር፣ ትናንት ለምንድነው ያንጎራጎሩት?"

"አንጎራጉሬ ነበር እንዴ?"

"የእህቴ ደም ጨልሞ ሳለ።"

አየችኝ። "ውጤት አልነግርህም ብዬሃለሁ።"

"ውጤቱን አይቼዋለሁ። ያጣሁት ትርጉሙን ነው።"

"ያኔ አስረድቼህ የለ?"

"ስክሪኑን ሳይ ጆሮዬ ጠፋ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እሺ፣ የማወራህ ስለ እህትህ ሳይሆን ስለ ምርመራው ነው። በዚህ በሽታ አንድ ፕሮቲን ይባልግና 'ተባዙ፣ ተባዙ' የሚለውን መልእክት አላቋርጥ ይላል። ምልክቱን የሚያስለጥፈው እሱ ነው። ኪኒኑ ሲያስረው ምልክት የሚለጥፍ አይኖርም። ያኔ አንቲቦዲው የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ምን ታያለህ?"

"ጨለማ።"

"አንተ ነህ ያልከው፤ እኔ አልወጣኝም።"

"ያ ሁሉ ኮከብስ?"

"በሽታው ነዋ።"

"ግን እኮ ያምር ነበር።"

"ያምራል" አለች ቀስ ብላ። "እኔንም አንዳንዴ ግር ይለኛል።"

"እኛ እንዳይጠፋ ስንጸልይ ነው የከረምነው።"

በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ሳቁ ከዓይኗ ጠፋ። "ኪኒኑን አቆመች እንዳትለኝ።"

"ዛሬ ጠዋት አልዋጠችም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ታክሲ ያዝ። አሁኑኑ ትዋጥ። ካቆመች ተመልሶ ይበራል።"

ቤት ደርሼ ነገርኳቸው። ሆሳዕና አላመነችኝም።

"ማታ ጨለማው ሞት ነበር፣ ዛሬ ሕይወት ሆነ?"

"እኔም ገና አልተዋሐደኝም። ግን ዋጪው።"

"የቀሩት ነጥቦችስ?"

"እነሱም መጥፋት አለባቸው።"

"የምዘምርባት ነጥብ?"

"እሷም።"

እስኪያቅለሸልሻት ሳቀች። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ ካርቶኑን አወረደች፣ ውኃ ቀዳች፣ ሆሳዕና እስክትውጥ ድረስም አፏን አፏን ታያት ነበር። ከዚያ ስልኳን ይዛ ቆመች። "ለቤተክርስቲያን ምን ልበል? ጌታ የለመንነውን ስላልሰጠን ተመስገን ልበል?"

ለፓስተር አምሐ ደወለች። ስልኳ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁላችንም እንሰማለን።

"እህት ፅጌ፣ እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። አይጥፋ ነው የምንለው ወይስ ይጥፋ?"

"ይጥፋ፣ ፓስተር።"

"ብርሃኑ?"

"አዎ፣ ብርሃኑ።"

ፓስተሩ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማን። "እሺ" አሉ በመጨረሻ። "እሁድ እንዴት አድርጌ እንደምለው ላስብበት።"

ሆሳዕና ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ያ አረንጓዴ አሁንም በሐሳቤ ይመላለሳል፤ እንዲህ የሚያምር ነገር እህቴን ሊገድላት ነበር ማለት ከበደኝ።

"ቀዳማዊ፣ አሁን ውስጤ ጨለማ ነው ማለት ነው?"

"ይመስለኛል።"

"በል መጋረጃውን ዝጋልኝ፣ ልተኛበት።"