ከማን ወገን መጣ

መሪጌታ ገብረሰንበት አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ የእታለም ትዕግሥት አለቀ። ልጇ ስመኘው ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ለቅሶው ቀርቶ የዘር ቆጠራ ተይዟል። የባሏ አክስት ሠርክአዲስ በሽታው ከእናቱ ወገን ነው የመጣ ስላሉ፣ የእታለም ዘመዶች ተቆጥተው ዘራችን ንጹሕ ነው፣ ቆጠራው እንደገና ይሰማ ብለዋል። መሪጌታም እሷንና ዳኘውን ሲያጋቡ የቆጠሩትን ሰባት ቤት፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ ይወርዱታል።

ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም ግን ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ ነግሯቸው ነበር። የልጁ ጉበት ከምግብ የሚገባውን መዳብ ማስወጣት አልቻለም፤ ይህም ከእናትም ከአባትም እኩል የሚወረስ ነው፤ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ያስተላልፉታል። እህቱ ዮርዳኖስም ባሕር ዳር ሄዳ ትመርመር፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው አለ። ሠርክአዲስ ይህን ሲሰሙ፣ እኛ ቤት ደግሞ መዳብ ማን በላ ብለው ሳቁ። ዳኘው ከተመረመረች ስሟ ይወጣል፣ ነገ ማን ያገባታል ብሎ ሐኪሙ የጻፈላትን የሪፈር ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። የስምንት ዓመት ልጅ ባል አሳሰበው!

ስመኘው ለድቁና ይማር ነበር። ያ ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ አምና እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የኔታ ስንፍና ነው አሉ። እንግዳ ሲያስታጥብ አባቱ ጉልበት ላይ ውኃ ቢያፈስ በጥፊ ተመታ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል ሲያጠጡት ሁለት ወር ሄደ። እታለም እሷም እንዳጠጣችው አትረሳም፤ ንዴቷ የሚብሰው ለዚህ ነው።

"መሪጌታ" አለች ተነሥታ፣ "የሞቱትን ቆጥረው ሲጨርሱ ያለችኝንም አንዷን ይቁጠሩልኝ።"

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ አምስተኛውን ቤት ያነሣ የለም።

ጎረቤት ያመጣው እዝን ሲቀርብ ዮርዳኖስ ጆግ ይዛ ለቀስተኛውን ታስታጥብ ጀመር። አባቷ ጋ ስትደርስ ጆጉ ከበዳትና ውኃው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ወዲያው ጉንጯን በክንዷ ከለለች።

ዳኘው ክንዷን ቀስ አድርጎ አወረደው። ጣቶቿን ዘርግቶ ሁለቱንም እጆቿን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያም የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ለእታለም ዘረጋላት።

"ነገ በጠዋት እንሄዳለን" አለ።

ሠርክአዲስ ውኃውን እንዲጠርግበት ጨርቅ አቀበሉት። አልተቀበላቸውም፤ ጉልበቱ እንደራሰ ተቀመጠ።