ጽናትን ለጡት ልጅነት

ጽናት ደብረ ብርሃን ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ከጀመረች ወዲህ ከአፏ የማይጠፋ አንድ ስም አለ። የአከራይዋ የወይዘሮ አመተሥላሴ ስም ነው።

ጽናት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትብኝ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በላም ወተት አሳድጌ፣ ሱፍ እየፈተልኩ አስተምሬያታለሁ። እኔ ራሴ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እሷ እንዳታቆም ብዬ ስንት ነገር ሆኛለሁ። በሚሊኒየሙ ማግስት ኮሌጅ ስትገባ ልቤ አብሯት ሄደ። ብርዱ፣ መኪናው፣ ጎረምሳው፣ የማልፈራው አልነበረም። አከራይ መፍራት እንዳለብኝ ግን ማንም አልነገረኝም።

ኮሌጁ ትንሽ ነው አሉ። ኮምፒውተር የሚማረውም ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥዕል ካልተማረ አያስመርቁትም።

"ሥዕሉ ለምንሽ ነው?" አልኳት።

"ሙሉ ሰው እንድንሆን ነው፣ እምዬ።"

"እኔ ጋ ሳለሽ ምን ነበርሽ ታዲያ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ለፋሲካ እኔ ጋ መሐል ሜዳ ስትመጣ ጭራሽ ባሰባት። አመትዬ እንዲህ አለች፣ አመትዬ እንዲህ አበሰለች።

"ትልቅ ሴት አይደሉም እንዴ? አንቺ ነው የምትያቸው?"

"ራሷ ናት እርስዎ አትበይኝ ያለችኝ።"

ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው ደግሞ የእኛኑ የጋራ ሣር መሬት፣ ጓሳን ነው። ተከልሎ የከረመው ሣር ሲከፈት የትኛው መንደር የት ገብቶ እንደሚያጭድ ማሽኑ እንዲናገር ትእዛዝ ትጽፍለታለች። ማንን ጠይቀሽ ነው ብላት፣ "ከአመትዬ ጋር እየተነጋገርን ነው የምጽፈው፤ የኮሌጁ ኮምፒውተር ለሁላችን ስለማይደርስ በእሷ ነው የምሠራው" አለችኝ። ሴትዮዋ ጓሳን በፎቶግራፍ እንኳ አይታ አታውቅም። እኔ ከዚያ ሣር ክዳን ሥር ተወልጄ፣ እዚያው አርጅቼ፣ አንዲት ነገር አልተጠየቅሁም።

ልትመለስ ስትል ዋናውን ነገር አወጣችው።

"እምዬ፣ አመትዬ ልጅ የላትም። የጡት ልጇ ልታደርገኝ ትፈልጋለች። ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሆንም ብላ፣ መጥተው እንዲመርቁን ለምናለች።"

ይህ በእኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። በካህንና በሽማግሌ ፊት ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ ልጅቷን ታጠባታለች። ከዚያ ወዲያ እናቷ ናት፤ እሷው ትድራታለች፣ እሷው ታወርሳታለች። እኔስ ምን ልባል? ድሮ ያሳደገቻት አሮጊት?

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እርስዎ ደስ ካለዎት" አለች። ዓይኗ ግን ቀድሞ ደስ ብሎታል።

እምቢ ብል ቤቱም ኮምፒውተሩም የሴትዮዋ ነው። ቅር ብሏት ብታስወጣትስ? ልጄ በዚያ ብርድ ከተማ የት ትገባለች? ትምህርቷስ? እሺ ብል ደግሞ ልጄን በእጄ አንስቼ መስጠቴ ነው። አብሬያት በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እምቢታን ሳዘጋጅ፣ ሳፈርስ ደብረ ብርሃን ደረስን።

ወይዘሮ አመተሥላሴ በር ድረስ ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። ሃምሳ ያለፋት፣ ከቴሌ ጡረታ የወጣች ደርባባ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ምንኛ በቀለለኝ። ከኮምፒውተሩ በላይ የጽናት ነጠላ ከእሷ ነጠላ ጋር አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እሱን ካየሁ በኋላ የቀረበልኝን ምግብ ገፋ አደረግሁት።

መምሬ ወልደ ጻድቅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ማሩ በትንሽ ሳህን ቀረበ።

"እርስዎ የልጅቷ አያት፣ ፈቃድዎ ነው ወይ?" አሉኝ መምሬ።

ጽናት መሬት መሬት ታያለች። ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ።

"እናትዎ በሕይወት አሉ?"

"የሉም፣ እማማ። ካረፉ ቆዩ።"

"እንግዲያው ማሩን ወዲህ በሉ።" አውራ ጣቴን ነከርኩና ዘረጋሁላት። "መጀመሪያ አንቺ ጥቢ።"

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ነው። እሷ ልጄ ከሆነች፣ ጽናት የማንም ብትባል የልጄ ልጅ ናት፤ ከእጄ አትወጣም።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይህ እንኳ አልታሰበም ነበር።"

"የተከለከለ ነው ወይ፣ አባ?"

"ኧረ አልተከለከለም።"

አንደኛው ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ "ልጅ ሊወስዱ ጠርተው ሊወለዱ ነው እኮ" ሲሉ ጓደኛቸው በክርናቸው ጎሰሟቸው።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ተንበርክካ ጣቴን ጠባች፣ እንባዋም እጄ ላይ ወረደ። ይህን አልጠበቅሁም። ከዚያ በተራዋ ጣቷን ማር ቀብታ ለጽናት ዘረጋች። ጽናት ስትጠባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ፈቅጄም ማየቱን አልቻልኩም።

ምርቃቱ ሲያልቅ አመተሥላሴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ምን ልታዘዝ፣ እማዬ?"

"በይ ስሚ። ልጅቷን ማሽኑ ላይ ተክለሽ ዓይኗን አታጥፊብኝ። ስለ ጓሳ የምትጠይቀው ካላት እኔ ጋ ትምጣ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥርም ትልኪልኛለሽ።"

"እሺ እማዬ። እኔም አብሬያት እመጣለሁ።"

"አንቺ ቤት ትጠብቂያለሽ" አልኳት።