የኤርማን እናት መቃብር

የእህቴ ልጅ ኤርማን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከእጮኛውና ከአባቷ ጋር ወደ ደሴታችን ሲመጣ፣ ወደቡ ላይ እናቱን አይቶ ፊቱን አዞረ። አላወቃትም እንዳልል፣ ክው ሲል ዐይቼዋለሁ። ካሎዛፊ እንደ ወትሮዋ የሙዝ ቦንቦሊኖ ትጠብስ ነበር። በዚያ ቦንቦሊኖ ነው አስተምራ ዋና ከተማ የላከችው። «ልጄ!» ብላ ብድግ ስትል፣ የእጮኛውን ክንድ ይዞ፣ «ነይ፣ የመንገድ ዳር ምግብ ሆድሽን ያምሻል» አለና አለፈ። ለእጮኛውና ለአባቷ ሻጭ ደንበኛ የጠራች መሰላቸው። እህቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ደሜ ፈላ!

ፈጣሪ ሲሰጥ ደግሞ አይጣል ነው። ዓሣ ነባሪ ለማየት የተከራዩት የእኔን ጀልባ ኖሯል። ኤርማን ሲያየኝ አመድ መሰለ። እጮኛው ሚያንጋሊ ምንም አታውቅም፤ አባቷ አቶ ራሊሶንም እንደዚያው።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ለአገሩ እንግዳ ነዎት?» አልኩት፤ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ፣ አንቱ ብዬ።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለ እየተንተባተበ።

«እሰይ! እንግዲያው ወጉን ያውቁታል።»

ደሴቱን ከከበበው የኮራል አለት መውጫ በር ስንደርስ ሞተሩን ቀነስኩና የአረቄውን ጠርሙስ ሰጠሁት። የደሴቱ ተወላጅ ወደ ትልቁ ባሕር ከመውጣቱ በፊት አረቄ አፍስሶ ወላጆቹን በስም ይጠራል።

«አባቴ ቦቶቫኦ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ነፍሱን ይማርና ሞቷል። «እናቴ… ካሎዛፊ። እሷም ሞታለች።»

ሞታለች! መሪውን ለቅቄ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

አቶ ራሊሶን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምነው እስከዛሬ ሳትነግረን? በል፣ ልጄን ከመስጠቴ በፊት መቃብሯ ላይ ቆሜ ምርቃቷን መለመን አለብኝ። ዛሬውኑ ውሰደን።»

«ሩቅ ነው አባባ፤ ጫካ ውስጥ ነው፣ መንገድም የለው።»

«ኧረ እኔ አውቀዋለሁ!» አልኩ። «ከወደቡ አጠገብ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓሣ ነባሪዋ ግልገሏን አስከትላ ብቅ አለች። ትንፋሿ ሽቅብ ተረጭቶ ሁላችንንም አራሰን። ሚያንጋሊ በደስታ ጮኸች፤ አባቷም እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ኤርማን ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ እኔ ተጠጋ።

«አክስቴ፣ በሞቴ አታዋርጂኝ» አለ በሹክሹክታ።

«አሁን አክስት ሆንኩ?»

«የፈለግሽውን አደርጋለሁ።»

«ስንወርድ እማዬ ብለህ ጥራት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነሱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው እኮ፤ ቦንቦሊኖ ሻጭ ብዬ…»

«በቃ፣ ዝም በል!» አልኩት።

ወደቡ ላይ ወርደን ጥቂት እንደሄድን ጣቴን ቀስሬ ጠቆምኩ።

አቶ ራሊሶን ደነገጡ። «ምነው ሴትዮ! መቃብር በጣት ይጠቆማል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ይሄኛው ይጠቆማል» አልኩ። «ቦንቦሊኖ እየጠበሰ ነው።» ከዚያም ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ካሎዛፊ!» ብዬ ተጣራሁ።

እህቴ ቀና አለች። ኤርማን እዚያው አሸዋው ላይ ተንበርክኮ «እማዬ» አለ። እሷን አውቃታለሁ፤ ሆደ ቡቡ ናት። አሁን አቅፋው ትነፋረቅና ልፋቴን ሁሉ ገደል ትከታለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ልጅዎ ነው?» አሉ አቶ ራሊሶን።

ካሎዛፊ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አዎ፣ የማህፀኔ ልጅ ነው። እኔ አልክደውም። እርስዎ ግን ልጅዎን አይስጡት። እናቱን በቁሟ የቀበረ፣ ሚስቱ የታመመች ዕለት ጉድጓድ መቆፈር ነው የሚጀምረው።»

አቶ ራሊሶን ለእህቴ እጅ ነሱና ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ደስ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ኤርማን ከተንበረከከበት ሳይነሳ አለቀሰ። «አሁን ማን ቀረኝ?» አላት።

«እኔ አለሁልህ» አለችው ካሎዛፊ። «ተነስና ከሰሉን አራግብ።»