ለብሩክታዊት ያጠናሁት ረድፍ

ልጄ ከስፔን ልትመጣ ነው ከተባልኩ ጀምሮ አሸናፊን እረፍት ነሳሁት። አሸናፊ ጫሞ ሐይቅ ላይ ቱሪስት በጀልባ እየወሰደ አዞ የሚያሳይ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ስፓኒሽ ይችላል።

ብሩክታዊትን በአራት ዓመቷ በማደጎ የሰጠኋት አባቷ ሞቶ፣ እኔም ታምሜ አልጋ ላይ ሳለሁ ነው። የዚያን ቀን ለስፔናዊቷ አሳዳጊዋ በእኔ ፈንታ የተናገረው አስተርጓሚ ነበር። ምን ብሎ እንደተናገረልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ “እናቴ ጣለችኝ ብላ ይሆን?” እያልኩ አልቅሻለሁ። ስለዚህ “ጠብቄያለሁ” የምትለዋን አንዲት ነገር በገዛ አፌ፣ እሷ በምትሰማው በስፓኒሽ ልነግራት ቆረጥኩ።

“እትዬ ሻሺቱ፣ እኔ አስተረጉምልሽ የለም እንዴ?” አለኝ።

“አርፈህ አስተምረኝ” አልኩት።

ላንቴ ቀበሌ ያለው የሙዝ ማሳዬ ድረስ እየመጣ፣ እኔ ሙዜን እየቆረጥኩ፣ ያስጠናኝ ጀመር። ኤ፣ አስ፣ አ፣ ኤሞስ፣ አቤይስ፣ አን። ካወራሽ አብላዶ፣ ከበላሽ ኮሚዶ፣ ከኖርሽ ቪቪዶ፣ ከጠበቅሽ ኤስፔራዶ። “ፊተኛዋ ቃል ማን እንደጠበቀ፣ እኔ ይሁን አንቺ ይሁን እሱ፣ ትናገራለች፤ ኋለኛዋ አትነቃነቅም። ላንቺ ‘ጠብቄያለሁ’ ለማለት ኤ ኤስፔራዶ ይበቃሻል” አለኝ። ለሱ ቀላል ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በዜማ ነው፤ ሀ ሁ ካላልኩ ሂ አትመጣልኝም። ረድፉን እንዳለ ሸመደድኩት።

የመጡ ዕለት መኪናው ደጄ ላይ ቆመ። አሸናፊ ቀድሞ ወረደ፣ ከዚያ አሳዳጊዋ፣ ከዚያ ልጄ። ግንባሯ ቁርጥ የአባቷ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ።

“ኤ ኤስፔራዶ” አልኩ።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ምላሴ ግን መቼ ይሰማኛል? “አስ ኤስፔራዶ፣ አ ኤስፔራዶ፣ ኤሞስ ኤስፔራዶ…” እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ተማሪ ቀጠልኩ። አሸናፊ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ጠፋችብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ ልጄ ፊት መሳቂያ ሆንኩ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“አቤይስ” አለችኝ ቀስ ብላ።

“አቤይስ ኤስፔራዶ፣ አን ኤስፔራዶ።” አብረን ጨረስነው።

ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የመጀመሪያዋን ብቻ ለይታ “ኤ ኤስፔራዶ” አለችኝ።

አሸናፊ ሊያስተረጉም ጠጋ አለ።

“ዝም በል፣ ይቺን አውቃታለሁ” አልኩትና ልጄን አቀፍኳት።